ሕዋሱ ቻለ ማለት ተክሉ ቻለ ማለት ነው?

«ጨውን የሚቋቋም ተክል በላቦራቶሪ ተገኘ» የሚል ዜና እጃችን ቢገባ አብዛኞቻችን ሳናመነታ እናትመዋለን። ርዕሱ አጭር ነው፤ ተስፋ አለው፤ አገርንም ይመለከታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእንዲህ ዓይነቱ ርዕስ ጀርባ ያለውን ሥራ ማስረዳት ነው። ተመራማሪዎች የዕፅዋትን ሕዋሳት በብርጭቆ ውስጥ እያሳደጉ ጨው የሚያስለምዱት እንዴት ነው? ከዚያስ ምን ይገኛል፣ ምንስ አይገኝም? እኔ የጋዜጠኝነት እንጂ የባዮሎጂ ተማሪ አይደለሁም። ሆኖም ለሳይንስ አዘጋገብ ኮርስ ብዬ ጉዳዩን ሳነብ ከርሜ አንድ ነገር ስለከነከነኝ ለዲፓርትመንታችን ልጆች ላካፍል ወደድሁ። የከነከነኝም ይህ ነው፦ «ቻለ» ብለን የምንጽፈው ማንን ነው? ሕዋሱን ነው ወይስ ተክሉን?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በጨው የተጎዳ መሬት በብዛት ካላቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 11 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ተፈጥሮ ራሷ ጨዋማ ያደረገችው ቆላ ሲሆን የሚያስቆጨው ግን ሰው በመስኖ ያበላሸው ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ አካባቢ ለጥጥ የተዘረጋው መስኖ ለዓመታት ሲፈስ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ መጣ። ውሃው ወደ ላይ ሲሳብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨው ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ከእርሻ ውጪ የሆነ መሬት ብዙ ነው፤ አንዳንዱንም ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወርሶታል። እንግዲህ ለዚያ አካባቢ ሰው «ጨው የሚችል ዘር መጣ» ብሎ መንገር ቀላል ነገር አይደለም። ወሬያችንን አምኖ ገንዘቡንና የአንድ ዓመት ድካሙን የሚያወጣ ሰው አለ።

በቅድሚያ ጨው ተክልን ምን እንደሚያደርገው እንይ። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነካው ውሃውን እንደሚተፋ ሁላችንም ቤት ውስጥ አይተናል። የተክል ሥርም ጨዋማ አፈር ውስጥ ሲሆን ውሃ መሳብ ይቸግረዋል። መሬቱ ርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ጉዳት ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ከውሃው ጋር ገብተው ቅጠል ውስጥ ይከማቹና የሕዋሱን ሥራ ይመርዛሉ። ያኔ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ የተቃጠለ ይመስላል።

የአፈር ባለሙያዎች ጨዋማነትን የሚለኩት ከራሰ አፈር የሚወጣው ፈሳሽ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በማየት ነው። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ተብሎ ይመደባል። ይህ በጨው ቋንቋ 40 ሚሊሞላር አካባቢ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ2 ግራም ተኩል ያነሰ የገበታ ጨው ነው። ሰብሎች ደግሞ እኩል አይደሉም። በ1977 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ ሠንጠረዥ አለ። በዚያ መሠረት የቦሎቄ ምርት መቀነስ የሚጀምረው አፈሩ 1 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ ነው። በቆሎ ከ1.7፣ ስንዴ ከ6፣ ጥጥ ከ7.7፣ ገብስ ከ8 በኋላ መቀነስ ይጀምራሉ። ጥጥ እንኳ ያቃተው መሬት ምን ያህል እንደተጎዳ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንግባ። አንድ የተክል ሕዋስ ብቻውን ተለይቶ ቢያድግ ሙሉ ተክል ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሃበርላንት ነው። ራሱ ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1958 ፍሬደሪክ ስቱዋርድ አሜሪካ ውስጥ ከካሮት ሕዋሳት ተነሥቶ ሥርና ቅጠል ያለው ካሮት እንደገና እንዲበቅል አደረገ። በ1962 ደግሞ ቶሺዮ ሙራሺጌና ፎልክ ስኩግ ለትምባሆ ሕዋሳት የሚሆን የንጥረ ምግብ አዘገጃጀት አሳተሙ፤ እስከ ዛሬም የዓለም ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከቅጠል ወይም ከግንድ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ከጀርም ይጸዳል፤ ማዕድን፣ ቫይታሚን፣ ሆርሞንና ስኳር ባለበት ንጥረ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ ቁራጩ ቅርጽ የሌለው የሕዋስ ክምር ያወጣል፤ ካለስ ይሉታል። ካለሱ በፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ እየተነቀነቀ እንዲያድግ ማድረግም ይቻላል። የሆርሞኑ መጠን ሲለወጥ ደግሞ ክምሩ ቡቃያና ሥር ያወጣል።

ይህንን በዓይኔ ለማየት አንድ ከሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ ሄጄ ነበር። ንጥረ ምግቡን የሚያዘጋጁት አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ እዚህም «ጋሼ» ብዬ አልፋለሁ። «ጫማሽን እዚያ አውልቂ፣ እጅሽን በአልኮል አብሺ፣ ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉኝ። መደርደሪያው በጠርሙስ ተሞልቷል። አብዛኛው የሙዝና የድንች ቡቃያ ሲሆን ጥግ ላይ ግን የተፈረፈረ አይብ የመሰለ ነገር የያዙ ጥቂት ሳህኖች ነበሩ። «ካለስ ማለት ያ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፀሐይ ሳያገኙ ምን በልተው ነው የሚያድጉት?»

«ስኳር ነዋ! በሊትር 30 ግራም ስኳር እሰጣቸዋለሁ። እነዚህ እኮ የሞላለት ቤት ልጆች ናቸው፤ ንፋስ አያውቁም፣ ጥም አያውቁም፣ ተባይ አያውቁም። ከዚህ አውጥተሽ ሜዳ ላይ ብትተክያቸው በአንድ ቀን ነው የሚጠወልጉት። መጀመሪያ ቀስ በቀስ ከአየር ጋር ማላመድ አለ።»

ይህን አባባላቸውን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ለጨው ጥናት ይህ ዘዴ የተመረጠው ለምን ነው? ማሳ ላይ ጨው የሚችል ተክል መፈለግ ቦታ ይፈጃል፤ ዓመታትንም ይወስዳል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ግን ሚሊዮን ሕዋሳት ይኖራሉ። ጨው ይጨመርባቸዋል፤ አብዛኞቹ ይሞታሉ ወይም ማደግ ያቆማሉ፤ ጥቂቶች ይተርፋሉ። የተረፉት እንደገና ጨው ባለበት እንዲራቡ ይደረጋል። አንዳንዱ ተመራማሪ ብዙ ጨው በአንድ ጊዜ ያፈስባቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ቀስ በቀስ እየጨመረ ያስለምዳቸዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በትምባሆና በበርበሬ ወገን ሕዋሳት ላይ የተሠሩ የመጀመሪያ ሥራዎች ታትመው ወጡ። በ1980 መሪ ኔበርስና ባልደረቦቹ ጨው ከለመዱ የትምባሆ ሕዋሳት ሙሉ ተክል አብቅለው ጠባዩ ወደ ዘሮቹ እንደተላለፈ ዘገቡ። በጊዜው ትልቅ ተስፋ ነበር።

እኔን በጣም የሳበኝ ግን በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሬይ ብሬሳን፣ ፖል ሃሰጋዋና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ የሠሩት ነው። የትምባሆ ሕዋሳትን በየደረጃው ጨው እያስጨመሩ በአንድ ሊትር 25 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ ባለበት እንዲያድጉ አደረጓቸው። በኬሚስቶች አነጋገር 428 ሚሊሞላር ነው። ቤት ውስጥ ብንሞክረው በአንድ ሊትር ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው መጨመር ማለት ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው እንዳለው ሲታሰብ ሕዋሳቱ የደረሱበት ርቀት ያስገርማል። ከላይ ጨዋማ ተብሎ ከሚመደበው አፈር መነሻ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

እንዴት ቻሉ? እዚህ ላይ ሳይንሱ ራሱ እንደ ታሪክ የሚነበብ ነው። አንድ የተክል ሕዋስ በሁለት ክፍል እንደተከፈለ ቤት ይታሰብ። ሥራው ሁሉ የሚሠራበት ክፍል ሳይቶፕላዝም ይባላል። ከኋላው ደግሞ ቫኪዩል የሚባል ሰፊ ጓዳ አለ። ቡድኑ በ1988 ባሳተመው ልኬት በጓዳው ውስጥ ያለው ሶዲየም 780፣ ክሎራይዱ 624 ሚሊሞላር ሲደርስ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ግን 96 ሚሊሞላር ብቻ ነበር። ማለትም ሕዋሱ ጨውን አላስቀረውም፤ አስገብቶ ጓዳ ቆለፈበት። ብልሃቱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ኢንዛይሞቹ ከጨው ይድናሉ፣ ጓዳው የታጨቀው ጨው ደግሞ ከውጪ ውሃ ለመሳብ ይረዳል። የሥራ ክፍሉ ራሱ እንዳይደርቅ ሕዋሱ ፕሮሊንና ስኳር የመሳሰሉ ጉዳት የሌላቸውን ነገሮች ያከማቻል። ጨው በሚወዱ ተክሎች ላይ ቀደም ብሎ የተደረገ ጥናትም የእነሱ ኢንዛይሞች ከሌላው ተክል ኢንዛይም የተለየ የጨው ብርታት እንደሌላቸው አሳይቷል። ልዩነቱ ጨው የት እንደሚቀመጥ ላይ ነው እንጂ ኢንዛይሙ ጨው ለምዶ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በነጻ አይደለም። ጨው ወደ ጓዳ መግፋት ኃይል ይጠይቃል። በሊትር 25 ግራም ጨው የለመዱት ሕዋሳት አድገው ሲጨርሱ መጠናቸው ካልለመዱት ሕዋሳት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። ስለ ጨው ብርታታቸው በተጻፈ ዜና ውስጥ መጠናቸው አንድ ቦታ ላይ እንኳ ባይጠቀስ አንባቢው ምን ይረዳል? ሕዋስ ትንሽ ከሆነ ቅጠልም ትንሽ ይሆናል፤ ገበሬ ደግሞ የሚሸጠው መትረፍን ሳይሆን ምርትን ነው። ኃይሉንስ ከየት ያገኙታል? ጋሼ በሊትር ከሚሰጧቸው 30 ግራም ስኳር ዓይነት ነዋ። ሜዳ ላይ ያለ ተክል ግን ስኳሩን ራሱ በቅጠሉ መሥራት አለበት፤ ያንኑ ቅጠል ጨው እየበላበት።

በነገራችን ላይ ከዚሁ ሥራ የተገኘ አንድ ፕሮቲን ስለ ስም አወጣጥ ብዙ ያስተምራል። እነዚህ ጨው የለመዱ ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን ያከማቹ ነበር፤ ከጠቅላላ ፕሮቲናቸው እስከ 12 በመቶ ይደርሳል። ኦስሞቲን ተባለ። ስሙን ብቻ የሰማ «የጨው መድኃኒት ተገኘ» ቢል አይፈረድበትም። ቆይቶ ግን ኦስሞቲን ተክሎች በሽታ ሲያጠቃቸው ከሚያመርቷቸው የመከላከያ ፕሮቲኖች ቤተሰብ መሆኑ ታወቀ። በ1991 የድንችና የቲማቲም ቅጠል የሚያደርቀውን ብላይት የተባለ በሽታ አምጪ ተሕዋሲ እንደሚጎዳ ተዘገበ። ለጨው የተጠየቀ ጥያቄ የሻጋታ መልስ ይዞ መጣ ማለት ነው። ሳይንስ ውስጥ ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የመጀመሪያውን ስም ይዞ ድምዳሜ ላይ የሚሮጥ ዜና ነው።

እስቲ አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ። ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ አማርኛ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት በጣም ጠቀሙኝ፦ «ለመደ» እና «ወረሰ»። አንዳንድ ሕዋሳት ጨው የቻሉት ስለለመዱ ነው። ጨው የሌለበት ንጥረ ምግብ ላይ መልሰው ጥቂት ጊዜ ቢያቆዩአቸው ልማዱ ይጠፋል፤ ጨው እንደገና ሲመጣ እንደማንኛውም ሕዋስ ይሞታሉ። ሌሎች ደግሞ ጨው በሌለበት ለብዙ ትውልድ ቆይተውም ብርታታቸውን ይይዛሉ፤ ከፍተኛውን ጨው የለመዱት የፐርዱ ሕዋሳት ወደዚህ የቀረቡ ነበሩ። ከዚያ በላይ የሚቀር ፈተና አለ። ከሕዋሱ የበቀለው ተክል ያንን ጠባይ አለው ወይ? ዘር ይሰጣል ወይ? ዘሩስ ይወርሳል ወይ? በብዙ ሙከራዎች ነገሩ የተቋረጠው እዚህ ላይ ነው። ሕዋስ በብርጭቆ ረጅም ጊዜ ሲቆይ የክሮሞዞም ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ጭራሽ ተክል መሆን ያቅተዋል፤ ቢሆንም ድንክ ወይም ዘር የማይሰጥ ይሆናል። በብርጭቆ ውስጥ የሚመጣውን ይህን ዓይነት ለውጥ በ1981 ላርኪንና ስኮክሮፍት የተባሉ ተመራማሪዎች ሶማክሎናል ቬሪዬሽን ብለው ሰየሙት። አንዳንዴ ለማሻሻያ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህም አይደለም። ተክል የሕዋስ ክምር ብቻ አይደለም፤ ቧንቧ ያለው ቤት ነው። ሥር ውሃ ይስባል፣ ግንድ ያስተላልፋል፣ ቅጠል ወደ አየር ያተናል። አንድ ተክል በቅጠሉ ከሚያስቀረው ውሃ 50 እጥፍ ያህሉን ያተናል። ስለዚህ ሥሩ ከጨዋማ አፈር ውሃ ሲስብ ጨውን 98 በመቶ ያህል ውጪ ካላስቀረው በስተቀር ቅጠሉ ላይ የሚከማቸው ጨው ከአፈሩ እየበለጠ ይሄዳል። አፈር ላይ ያለ ተክል ብርታት በአብዛኛው የሚወሰነው እንግዲህ በበር ጠባቂነት ነው፦ ሥር ላይ ማስቀረት፣ ያመለጠውን ከቧንቧው መልሶ መቅዳት፣ የቀረውን በአሮጌ ቅጠል ላይ ማራገፍ። አንዳንዶቹ ጨው ወዳድ ተክሎች ደግሞ በቅጠላቸው ላይ ጨው የሚያጠራቅሙበት ትንንሽ ከረጢት አላቸው።

ሳህን ላይ ያለ ካለስ ውስጥ ከእነዚህ አንዱስ አለ? ሥር የለም፤ ቧንቧ የለም፤ የሚተን ውሃ የለም፤ የሚራገፍ አሮጌ ቅጠል የለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ በ1981 በአውስትራሊያ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አትሪፕሌክስና ሱዌዳ የተባሉ ጨው ወዳድ ተክሎችን ወስደው ሙሉ ተክሉንና ከተክሉ የተሠራውን ካለስ ጎን ለጎን ፈተኑ። የሱዌዳ ወገን በእኛም አገር በአፋር ጨዋማ ሜዳ ላይ ይበቅላል። ሙሉ ተክሎቹ በጨው ውስጥ ደህና አደጉ፤ ካለሳቸው ግን ያንን ብርታት አላሳየም። ብርታቱ ያለው ሕዋሶቹ ተደራጅተው ተክል ሲሆኑ ነበር። ነገሩን ገልብጠን ብናየውም ያው ነው፤ ሳህን ላይ የበረታ ሕዋስ ተክል ሲሆን በር ጠባቂ ላይኖረው ይችላል።

ይህንን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከአውስትራሊያ የተሰማው የዱረም ስንዴ ሥራ ነው። ራና መንስና ባልደረቦቿ ከአንድ ጥንታዊ የስንዴ ዘመድ አንድ ጂን በተራ ማዳቀል ወደ ዱረም ስንዴ አስገቡ። ጂኑ የሚሠራው በሥር ውስጥ ከውሃው ቧንቧ ዙሪያ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደውን ሶዲየም ከቧንቧው እያወጣ ቅጠል እንዳይደርስ ያደርጋል። ስንዴው በጨዋማ ማሳ ላይ ተዘርቶ ጂኑ ከሌለው አቻው 25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ። አሁን አስቡት። ይህን ጂን ሳህን ላይ ባለ ካለስ ውስጥ ጨው ጨምረን ብንፈልገው እናገኘው ነበር? ቧንቧ በሌለበት ቧንቧ ጠባቂ ሥራ ፈት ነው። ምርጫውን አያልፍም፤ ብቃቱም አይታይም።

ይህን ስል የብርጭቆው ሥራ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የጓዳውንና የሥራ ክፍሉን ምስጢር እንዲያ ጥርት አድርጎ ማየት የተቻለው ሕዋሳቱ ብቻቸውን ስለነበሩ ነው፤ በሙሉ ተክል ላይ ቢሆን ሥሩ፣ ቅጠሉና ግንዱ ተደባልቀው ልኬቱ ያስቸግር ነበር። ካናዳ ውስጥ በ1980ዎቹ ጨው ከቻለ የተልባ ሕዋስ የተነሣ አንድሮ የተባለ የተልባ ዝርያም እስከ መለቀቅ ደርሷል። እንዲህ ዓይነቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። ለ50 ዓመት ያህል ከታተመው የጥናት ብዛት አንጻር ማሳ የደረሰው በጣት የሚቆጠር መሆኑ ለእኛ ለዘጋቢዎች ራሱ ዜና ነው።

ታዲያ እኛ ስንጽፍ ምን እናድርግ? በእኔ አስተያየት ችግሩ የሚጀምረው «መቋቋም» ከሚለው ግሥ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን፦ አለመሞትን፣ ማደግን፣ ማፍራትን። አንድ ተክል በጨው ውስጥ ሳይሞት ወር ሊቆይና አንድ ፍሬ ላይሰጥ ይችላል። ተመራማሪውን ስናነጋግር «ተቋቋመ ሲሉ ምን ሆነ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለውም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ችግር ቁጥሩ ነው። 428 ሚሊሞላር ለአንባቢ ምንም አይነግረውም ብለን «ከባሕር ውሃ ጋር የሚቀራረብ» ብንል ደግሞ አንባቢው በባሕር ዳርቻ የተዘረጋ እርሻ ይታየዋል። የሳህኑ ጨው ከማሳው ጨው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ሳህን ላይ መጠኑ አይለወጥም፤ ማሳ ላይ ግን ከአንዱ መስኖ እስከ ቀጣዩ ድረስ አፈሩ ይደርቃል። ውሃው በግማሽ ሲቀንስ የቀረው ጨው በእጥፍ ይከርራል።

ለምሳሌ የፐርዱውን ሥራ እኔ ብዘግበው እንዲህ እጀምራለሁ፦ «ተመራማሪዎች በብርጭቆ ውስጥ የሚያድጉ የትምባሆ ሕዋሳትን በሊትር 25 ግራም ጨው አስለመዱ። ሕዋሳቱ ጨውን ወደ ውስጣዊ ጓዳቸው እየገፉ ማደግ ቢችሉም መጠናቸው ከሌሎቹ በአምስት እጥፍና ከዚያ በላይ አንሷል። ሥራው ስለ ሕዋሳት የሚናገር ነው፤ ማሳ ላይ የተሞከረ ሰብል አይደለም።» ርዕሱ አይማርክም ይባል ይሆናል። እኔ ግን ጨውን ጓዳ ስለሚቆልፍ ሕዋስ ማንበብ «ተአምረኛ ሰብል» ከሚል የበለጠ ይስበኛል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱም የአዋሹ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በቆላማው አዋሽ በመስኖ ስንዴ እየተዘራ ስለሆነ ጨው የሚችል ስንዴ ወሬ መምጣቱ አይቀርም። ዘሩ እውነት ሆኖ፣ ማሳ ላይ ተፈትኖ፣ ምርትም ሰጥቶ ቢመጣ እንኳ ጨውን ከመሬት የሚያወጣው ዘሩ አይደለም። ጨው የሚወጣው በትርፍ ውሃ ታጥቦ ከሥር በተቀበረ ማስወገጃ ሲሄድ ነው። ስሌቱን እኔው ሠርቼዋለሁ፤ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ያለው ውሃ ለመጠጥ እንኳ ጨውነቱ ብዙም አይታወቅም። በዚህ ውሃ አንድ ሄክታር በዓመት 10 ሺህ ሜትር ኩብ ቢጠጣ ወደ ማሳው የሚገባው ጨው 5 ቶን፣ ማለትም 50 ኩንታል ነው። ስለ አዲሱ ዘር መግለጫ በሚሰጥበት ቀን ከእኛ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ እዚያ ብትገኝ እጅ አውጥታ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ እነዚያ 50 ኩንታሎች በየዓመቱ በየት በኩል ይወጣሉ?